ስታን መንገዱን ለምን ለቀቀ?

«ዘ አሜሪካንስ» የተባለው ተከታታይ የስለላ ድራማ በአሜሪካው ኤፍ ኤክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 እስከ ግንቦት 2018 በስድስት ምዕራፍና በ75 ክፍሎች ቀርቧል። ፊሊፕና ኤልዛቤት ጄኒንግስ የጉዞ ወኪል ባልና ሚስት መስለው የሚኖሩ የኬ ጂ ቢ ሰላዮች ናቸው፤ ቤታቸው ዋሽንግተን ጥግ፣ ፎልስ ቸርች ቨርጂኒያ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ስታን ቢማን ደግሞ የኤፍ ቢ አይ የፀረ ስለላ ባልደረባ ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለቱ ሰዎች እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ ይኖራሉ። አንዷ ለቴሌቪዥን ድርሰት የምትጽፍ ወጣት ስትሆን፣ ሌላው ዕድሜያቸውን በጥብቅና ያሳለፉ አጎቷ ናቸው። የሚሟገቱት «ስታርት» ስለተባለው የመጨረሻ ክፍል ነው።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ያቺን የመኪና ማቆሚያ ትዕይንት ደግሜ አየኋት፤ አሁንም አልተዋጠችልኝም። ስታን ዓመታት ሙሉ ሲያድናቸው የኖረው ሰላዮች ከነልጃቸው ፊቱ ቆመዋል። ሽጉጥ ደግኖባቸዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ያወራሉ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ መንገዱን ይለቅላቸዋል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ባቀርብ ፕሮዲውሰሩ «ሰውየው ለምን አያስራቸውም?» ብሎ ወረቀቱን ይመልስልኛል።

ጠበቃው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የምትጠይቂው በራስሽ ዓይን ሆነሽ ነው። አንቺ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ከባልና ሚስቱ ጋር ጓዳ ድረስ ገብተሻል፤ ማን ማንን እንደገደለ ታውቂያለሽ። ስታን አያውቅም። እስቲ እሱ በዚያች ሰዓት የሚያውቀውን ብቻ ንገሪኝ።

ጸሐፊዋ፦ ባልና ሚስት የሆኑ ሰላዮች እንዳሉ ያውቃል። ቺካጎ ላይ ደም የፈሰሰበት ዘመቻ ሲካሄድ ፊሊፕና ኤልዛቤት ቤታቸው እንዳልነበሩ ያውቃል። ቤታቸውን በድብቅ ፈትሾ ምንም አላገኘም። የድሮውን የሰላዮቹን ተባባሪ የግሪጎሪን ሰዎች ሲጠይቅ ደግሞ ፀጉሯ የሚያምርና ሲጋራ የማይለያት ሴት እንደነበረች ሰምቷል።

ጠበቃው፦ ያጋባቸው የሩሲያ ቄስ ምስክርነት፣ ሁለቱን ፊት ለፊት ያሳየው ሥዕልስ?

ጸሐፊዋ፦ ገና አልደረሰውም። እሱን ባልደረባው አደርሆልት የሚያሳየው በኋላ ነው።

ጠበቃው፦ ስለዚህ ወደ ልጃቸው ወደ ፔጅ አፓርታማ ሲሄድ የያዘው ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ የሄደውም ብቻውን ነው። ሰው ጥርጣሬው እውነት እንዳይሆን ሲመኝ ምስክር አስከትሎ አይሄድም። አንቺ «ለምን ረዳት ኃይል አልጠራም?» ብለሽ ቀዳዳ የምትዪው ነገር ለእኔ የሰውየው ልብ የታየበት ቦታ ነው። መጥራት አልፈለገም። ጎረቤቱን ንጹሕ ሆኖ ሊያገኘው ነው የሄደው።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እስከዚያ ድረስ ልቀበል። ፊሊፕ ካመነ በኋላስ? ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም።

ጠበቃው፦ እዚያ ላይ እንዳትቸኩዪ። ፊሊፕ ቃሉን የሰጠው በየትኛው ቅደም ተከተል ነው? መጀመሪያ ይዋሻል፤ ፔጅ አሟት ሊያዩዋት እንደመጡ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ስታን መሬት ላይ ተኙ ይላል፤ የሚተኛ የለም። ፊሊፕ ውሸቱ እንደማያዋጣው ሲገባው ፊቱ ይለወጣል፤ ፊሊፕን የሚጫወተው ማቲው ሪስ እዚህ ላይ የሠራውን ሥራ አይተሻል፣ ትከሻው እንኳን ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው አብዛኛው እውነት ነው። ሥራቸው ያ እንደነበረ፣ ስታን በሕይወቱ ያገኘው አንድ ጓደኛው እንደሆነ፣ ስለላውን ትቶ የከሰረ የጉዞ ወኪል እንደሆነ ይነግረዋል።

ጸሐፊዋ፦ «ትቻለሁ» ማለቱ ራሱ ግማሽ እውነት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መተዉ ልክ ነው። ግን ቺካጎ ኤልዛቤትን ሊረዳ የሄደው ማን ነው? የሞተችው ባልደረባቸው እንዳትታወቅ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ መጥረቢያ ያነሳው ማን ነው? ያ ከሆነ ቀናት ነው ያለፉት።

ጠበቃው፦ ጥሩ አድርገሽ ያዝሽው። ለዚህ ነው ትዕይንቱን ደጋግሜ የማየው። ችሎት ላይ ያስቸገረኝ ምስክር ሁሉን የሚዋሽ አልነበረም፤ እሱ በሁለት መስቀለኛ ጥያቄ ይወድቃል። የሚያስቸግረው ዘጠኙን እውነት ተናግሮ አሥረኛውን የሚዋሽ ነው። ስታን ስለ ጌናዲና ስለ ሶፊያ ጠየቀ፤ ልጃቸው በሌላ ክፍል ሳለ ስለተገደሉት ባልና ሚስት። ግድያውን ካዱ። የገደለቻቸው እዚያው ፊቱ የቆመችው ኤልዛቤት ናት። ያን ክህደት ያሳለፈው ከፊቱ የነበረው የእውነት ክምር ነው።

ጸሐፊዋ፦ ታዲያ ስታን ተታለለ ማለት ነው። እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው፤ አንድን ብልህ ገጸ ባሕርይ ታሪኩ እንዲያልቅ ሲባል ለአሥር ደቂቃ ማሞኘት።

ጠበቃው፦ ሞኝ አልሆነም። ለማመን የፈለገውን አመነ፤ ይህን ብልህ ሰውም ያደርገዋል። ደግሞ ፊሊፕ አንድ ሌላ ነገር ሰጥቶታል። ጊዜው ታኅሣሥ 1987 ነው፤ ሬገንና ጎርባቾቭ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ስምምነት ሊፈርሙ ዋሽንግተን ተገናኝተዋል። ኬ ጂ ቢ ውስጥ ጎርባቾቭን ሊጥል የሚዶልት ቡድን አለ። ያን የሚያጋልጠውን መልእክት ይዞ የነበረው የቀድሞው የኬ ጂ ቢ መኮንን ኦሌግ ቡሮቭ ታስሯል፤ እሱም ይህንኑ ለስታን ነግሮታል። ስለዚህ ፊሊፕ «ወደ አገራችን ካልገባን መልእክቱ አይደርስም» ሲል አዲስ ወሬ አላመጣም። የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሲናገሩ ዳኛ ጆሮውን ያቆማል።

ጸሐፊዋ፦ እውነት ነው፣ ኦሌግን ረስቼው ነበር። ግን ጋሼ፣ ስታን በግዴታ የሚያምን ሰው አልነበረም? ኒናን ያስታውሷታል። የሶቪየት ኤምባሲ ሠራተኛዋ፣ መረጃ ሰጪውም ፍቅረኛውም የነበረችው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የምትድንበት መንገድ ምስጢር አሳልፎ መስጠት ነበር፤ አልሰጠም። በአራተኛው ምዕራፍ ሶቪየት እስር ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለች። ለሚወዳት ሴት ያላደረገውን ለጎረቤቱ ማድረጉ የገጸ ባሕርይ መዛነፍ አይሆንም?

ጠበቃው፦ ከኒና በኋላ ምን ሆነ? ቭላድን የገደለውስ ማን ነው?

ጸሐፊዋ፦ ስታን ራሱ። ወጣቱን የኬ ጂ ቢ ሰው ሀምበርገር እየበላ ሳለ ከኋላው ተኩሶ።

ጠበቃው፦ ያም በሕግ ሳይሆን በበቀል፤ ባልደረባው አማዶር ስለሞተበት። አማዶርን የወጋው ደግሞ ፊሊፕ ነው፤ ስታን ይህን እስከ መጨረሻው አያውቅም። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲ አይ ኤ ኦሌግን ሊያስገድድ ሲነሳ ስታን ምን አደረገ? «ኦሌግን ካልተዋችሁ ቭላድን የገደልኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ» አለ። ራሱን ለእስር አቀረበ። አንቺ የምትዪው የግዴታ ሰው ኒና የሞተች ጊዜ አብሮ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ስታን መሥሪያ ቤቱንና ሰውን በሚዛን ባስቀመጡለት ቁጥር ሚዛኑ ወደ ሰው ያደላል።

ጸሐፊዋ፦ ይህንን ነው እኛ በድርሰት ንግር የምንለው። ግን ንግር ሲሠራ ተመልካች መጨረሻው ላይ «አዎ፣ ይመጣ ነበር» ይላል። እኔ አላልኩም። ያልኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ያስታውሱ። ጊዜው 1981 ነው። ስታን ገና ሰፈሩ እንደገባ ጠርጥሮ በሌሊት የጄኒንግስን ጋራዥ ከፍቶ የመኪናቸውን ሻንጣ ቤት ይፈትሻል። ባዶ ነው። ቀደም ብሎ ቢመጣ የከዳውን የኬ ጂ ቢ መኮንን እዚያ ውስጥ ታስሮ ያገኘው ነበር። ፊሊፕ ደግሞ ጨለማው ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ቆሟል፤ ስታን አላየውም። ያኔ ፊሊፕ መተኮስ ይችል ነበር። ደራሲዎቹ ታሪኩን በጋራዥ ጀምረው በጋራዥ እንደጨረሱት ሳስተውል ነው ልቤ የተንቀሳቀሰው።

ጠበቃው፦ ልብሽ ከተንቀሳቀሰ ምን ቀረሽ?

ጸሐፊዋ፦ የቅርጽ ውበት የምክንያትን ቦታ አይተካም። ሁለት ጋራዥ መግጠሙ ጌጥ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰላይና አዳኝ ፊት ለፊት መጎራበታቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰፈር ውስጥ!

ጠበቃው፦ ያን አጋጣሚ እለፊው። ታሪክ ሲጀምር አንድ አጋጣሚ ይፈቀድለታል፤ ገጸ ባሕርያቱን ጭንቅ ውስጥ እስከከተታቸው ድረስ። ከጭንቅ የሚያወጣቸው አጋጣሚ ሲመጣ ነው መጮህ ያለብሽ። ጋራዡ ውስጥ አጋጣሚ የለም፤ ውሳኔ ነው ያለው።

ጸሐፊዋ፦ ብዙ ሰው ለድራማው የሚከራከረው «እውነተኛ ታሪክ ነው» እያለ ነው። መነሻው በእርግጥ አለ። ሰኔ 2010 ላይ ኤፍ ቢ አይ አሥር የሩሲያ ሰላዮችን አሜሪካ ውስጥ ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአራት እስረኞች ተለወጡ። አንዱ ጥንድ በሕፃንነታቸው በሞቱ ካናዳውያን ስም ነበር የሚኖረው፤ ልጆቻቸው ስለ ወላጆቻቸው እውነቱን የሰሙት ከእስሩ በኋላ ነው። የድራማው ፈጣሪ ጆ ዋይስበርግም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲ አይ ኤ የሠራ ሰው ነው፤ ድርሰቶቹን ለመሥሪያ ቤቱ ገምጋሚዎች ማሳየት ነበረበት። ግን ይህ ሁሉ ለጋራዡ ትዕይንት ምን ይፈይዳል? እውነተኞቹ ሰላዮች ጥፋታቸውን ሲያምኑ እንኳን ክሱ ሳይመዘገቡ ለውጭ መንግሥት መሥራት ነበር። የያዛቸውም ጎረቤት አይደለም፤ ከሞስኮ ውስጥ የከዳቸው የራሳቸው ሰው ነው። ያን እንዳለ ብትጽፈው ድራማ አይወጣውም።

ጠበቃው፦ በዚህ አንድ ነን። የሆነ ነገር ሁሉ በድርሰት ውስጥ የሚታመን አይደለም፤ ያልሆነም ሁሉ የማይታመን አይደለም። እኔን ድራማው የያዘኝ በስለላው አይደለም፣ በጉርብትናው ነው። በደርግ ጊዜ ያደግን ሰዎች ጆሮ ጠቢ ማለት ከሩቅ የሚመጣ ባዕድ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቡና አብሮሽ የሚጠጣ፣ ለቅሶ የሚደርስሽ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤትን የምንመዝነው በሚናገረው ሳይሆን አሳልፎ መስጠት ሲችል ባደረገው ነበር። ስታንና ፊሊፕ ቢራ ይጠጣሉ፣ ራኬት ቦል ይጫወታሉ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ የተለየችው ሰውዬ የሚተነፍሰው እነሱ ቤት ነው። ፊሊፕ ሰላይ ስለሆነ ጓደኝነቱ ውሸት ነው ልትዪ ትችያለሽ። እኔ ግን ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ አይቻለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ አልሟገትዎትም። የምሟገተው ስለ ቄሱ ነው። አባ አንድሬይ። ፀጉር እየቀየሩ፣ ጢም እየለጠፉ፣ አንድ መረጃ ሰጪ እውነተኛ ፊታቸውን እንዳያይ ስድስት ምዕራፍ የለፉ ሰዎች፣ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሄደው አንድ የሩሲያ ቄስ ፊት በእውነተኛ ስማቸው ይጋባሉ! መጨረሻ ላይ ኤፍ ቢ አይ ያወቃቸው በእሱ በኩል ነው። ይህ የደራሲ እጅ ነው ጋሼ፤ ማጋለጫ ሲያስፈልግ የተቀመጠ ማጋለጫ።

ጠበቃው፦ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው የታሪኩ ክር እሱ ነው። ትዳራቸው በትእዛዝ ነው የተጀመረው። ሞስኮ አጋባቻቸው፣ ስም ሰጠቻቸው፣ ልጅ ውለዱ አለቻቸው። ሚካኤልና ናዴዥዳ ሆነው ቄስ ፊት የቆሙባት ሌሊት ማንም ሳያዛቸው ያደረጓት ነገር ናት። የወደቁት በጥንቃቄ ጉድለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ እውነተኛ በመሆናቸው ነው። ፊሊፕ መናፈሻው ውስጥ ቄሱን አግኝቶ ወሬውን ሲሰማ፣ ከዚያ ሮጦ ስልክ ይደውልና ለኤልዛቤት ለእራት እንደማይደርስ፣ ቢሮው እንደተዘበራረቀ ይነግራታል። ተራ የባልና ሚስት ቃል ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁሉን ትተሽ ውጪ ነው። እሷም ስልኩን ዘግታ ከተደበቀው ቦታ ፓስፖርቶቹን ታወጣለች። ይህን የጻፈ ሰው ማጋለጫ ፍለጋ አልተንከራተተም።

ጸሐፊዋ፦ ኤሚውን የሰጧቸው ለዚህ ይሆናላ! ዋይስበርግና ጆኤል ፊልድስ በ2018 የድራማ ድርሰት ሽልማቱን የወሰዱት በዚሁ ክፍል ነው፤ ሪስም በዚያው ምሽት የዋና ተዋናይነቱን። ሽልማቱ ግን ክርክሬን አይዘጋውም። የስታንን ሁለተኛ ሚስት ሬኔን ምን ሊያደርጓት ነው?

ጠበቃው፦ እሷን ስጠብቅ ነበር።

ጸሐፊዋ፦ ፊሊፕ ስታን መንገዱን ሊለቅ ሲል «ሚስትህ ሬኔ ከእኛ አንዷ ልትሆን ትችላለች፤ እርግጠኛ አይደለሁም» ይለዋል። ድራማውም እዚያው ይተዋታል። መልስ የለም። መጨረሻ ላይ የኤፍ ቢ አይ ሰዎች የጄኒንግስን ቤት ሲበረብሩ ቆማ ታያለች፣ አለቀ። ይህ ለጓደኛ የሚሰጥ ስጦታ ነው? ሰውየው ከእንግዲህ ወዲያ አልጋው ላይ እንኳን እንቅልፍ አይወስደውም።

ጠበቃው፦ እኔ ደግሞ ከተናገረው ሁሉ ያለ ጥርጥር የማምነው ይህን ብቻ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ምስክር ብርቅ ነው። ሊያሳምን የፈለገ ሰው አይጠራጠርም፤ ያጋንናል። ፊሊፕ በዚያ ሰዓት ሬኔን ማንሳት ምን ይጠቅመዋል? ስታን ሊለቃቸው ተቃርቧል። ጥርጣሬ መጨመር ሽጉጡን መልሶ ሊያስነሳው ይችል ነበር። የሚጎዳውን ቃል የተናገረ ሰው ይታመናል።

ጸሐፊዋ፦ ወይም ደግሞ ስታን ከእነሱ ሌላ የሚያስበው ነገር እንዲኖረው ነው የነገረው። ሰላይ ሲሸሽ ከኋላው ጭስ ይተዋል። ፊሊፕ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሰው ልብ ውስጥ የሚያስፈልገውን ቃል ማስቀመጥ ነው፤ ማርታን የኤፍ ቢ አይ ጸሐፊ ሆና እያለች አግብቷት አልነበረም? እኔ ስጦታም ጭስም ይመስለኛል። ደራሲዎቹም ሁለቱን ያልለዩት ሆን ብለው ይመስለኛል፤ ሬኔ ሰላይ መሆኗን ቢያረጋግጡ ፊሊፕ ደግ ይሆናል፣ ካስተባበሉ ደግሞ ክፉ ይሆናል። ሳይለዩ ሲቀሩ የምንመዝነው ፊሊፕን ሆኖ ይቀራል። ይህ ጥሩ ድርሰት ነው፤ እያበሳጨኝም ቢሆን።

ጠበቃው፦ እንግዲያው ቀዳዳ የምትዪው ነገር አልቀረሽም።

ጸሐፊዋ፦ ሁለት አለኝ። አንደኛው ትንሽ ነው። አደርሆልት ሥዕሎቹን ሲያሳየው ስታን እንዳዲስ ደንግጦ ያያል። ከዚያ በፊት «ጄኒንግሶችን እጠረጥራለሁ» ብሎ ለራሱ ለአደርሆልት ነግሮት ነበር። «እስካሁን የት ነበርክ?» የሚለው የለም።

ጠበቃው፦ ያ ቀዳዳ ነው። ማንም ባልደረባ ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛውስ?

ጸሐፊዋ፦ ፔጅ። ወላጆቿ በባቡር ወደ ካናዳ ሲሻገሩ ድንበሩ ላይ ትወርዳለች፤ ኤልዛቤት በመስኮት ታያታለች፣ ባቡሩ ይሄዳል። ሁሉም ሰው የሚያለቅሰው ለእናትየው ነው። እኔ ግን ስታንን አሰብኩ። ጋራዡ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሞስኮ ገቡ። አሜሪካ ውስጥ የቀረች፣ ስታን በእጁ እንደለቀቃቸው ያየች አንዲት ምስክር ፔጅ ናት። ኤፍ ቢ አይ ደግሞ ያገኛታል፤ ስሟን ያውቃል፣ ፊቷን ያውቃል። ስታን መንገዱን ሲለቅ ይህን ማወቅ አልቻለም፤ አብራቸው ትሄዳለች ብሎ ነው የለቀቀው። ባቡሩ ላይ የተለወጠው የእሷ ዕጣ ብቻ አይደለም፣ የእሱም ነው። ድራማው ግን አንዲት ቃል አይልም።

ጠበቃው፦ ቆይ... ይህን አላሰብኩትም። እሷ ምስጢር የመያዝ ታሪኳ እንዴት ነው?

ጸሐፊዋ፦ ደካማ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ወላጆቿ ሩሲያውያን መሆናቸውን አልችለው ብላ ለቤተ ክርስቲያኗ መሪ ለፓስተር ቲም በስልክ የነገረችው እሷ ናት።

ጠበቃው፦ ልጅ ነበረች። ደግሞም ፓስተሩ ዝም ብሏል፤ ስታን ራሱ ቦነስ አይረስ ደውሎ ሲጠይቀው እንኳን አላወጣም። እሷም ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ይዛዋለች፤ እናቷ ሥራውን ስታስተምራት ቆይታለች። እኔ ጠበቃዋ ብሆን ስለ ጋራዡ ማንም እስካልጠየቃት ድረስ እንዳታነሳው ነው የምመክራት።

ጸሐፊዋ፦ ቢጠይቋትስ? ጋራዡ ውስጥ አሜሪካ የሚቀረውን ታናሽ ወንድሟን ሄንሪን በአደራ የተቀበለው ስታን ነው። እሷ ስለ ስታን ብትናገር ወንድሟ ያለው አንድ ሰው እስር ቤት ይገባል። ዝም ካለች ደግሞ የወላጆቿን ሥራ ቀጠለች ማለት ነው።

ጠበቃው፦ ዝም ትላለች።

ጸሐፊዋ፦ በምን አወቁ?

ጠበቃው፦ ከባቡሩ ለምን የወረደች ይመስልሻል? ሄንሪን ብቻውን ላለመተው ነው። ሄንሪን ልትጠብቅ የወረደች ልጅ ሄንሪን የሚጠብቀውን ሰው አታሳስርም።

ጸሐፊዋ፦ ለሄንሪ ብላ መውረዷን ድራማው አይናገርም ጋሼ። ለራሷም ብላ ሊሆን ይችላል። ወርዳ የሄደችው ወደ ሄንሪ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዋሽንግተን ተመልሳ እናቷ ሥራ ያስተማረቻት ባዶ ቤት ገብታ ቮድካ ነው የቀዳችው። ሄንሪ ዘንድ የሄደው ስታን ነው። ስለዚህ እርስዎ ስለ ስታን ያሉኝን ሁሉ ልቀበል፤ ቭላድንም፣ ኦሌግንም፣ ኒናንም በማስረጃነት አቅርበውልኛል። ለፔጅ ግን ያቀረቡልኝ ማስረጃ የለም፤ የድራማው ደራሲዎችም አላቀረቡም።